አዋላጆች ጤናማ ምጥን እንዲያግዙ እንዴት እናሠልጥናቸው?

ድሬዳዋ ላይ ሥልጠና ሲባል ቶሎ የሚታሰበን የሆቴል አዳራሽ፣ ፕሮጀክተርና አበል ነው። አበሉ አይከፋም። ግን ማዋለድ በስላይድ አይለመድም። ጤናማ ምጥን የሚያግዝ ባለሙያ ማሠልጠን በአብዛኛው እጁን እንዲሰበስብና ዓይኑን እንዲከፍት ማለማመድ ነው። ለተማረ ሰው ደግሞ መጠበቅ ከመሥራት ይከብዳል።

የጤና ጣቢያ ኃላፊ፣ ነባር አዋላጅ ወይም አስተማሪ ከሆናችሁ በዚህ መልኩ ጀምሩት።

ሠልጣኝ ከመጥራታችሁ በፊት ማዋለጃ ክፍሉን እዩት። እናቶቹን አስፈቅዳችሁ ጥግ ላይ ቁጭ በሉ። መጋረጃ አለ? ለወላዷ ውሃ የሚያቀብላት ሰውስ? እናቷ አጠገቧ ናቸው ወይስ በር ላይ ቆመዋል? በግንቦት ሙቀት የአልጋው ላስቲክ ጀርባዋ ላይ ተጣብቆ፣ በጀርባዋ ተንጋላ ካገኛችኋት፣ የሥልጠናው ግማሽ ርዕስ እዚያው ተገኘ።

ቀጥሎ ኖርማል የሚባለው ምን እንደሆነ ተስማሙ። ብዙ ነባር ባለሙያ የተማረው የማህፀን በር በሰዓት 1 ሴንቲ ሜትር መከፈት አለበት ተብሎ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣው ምክረ ሐሳብ ግን ይህ ፍጥነት ለብቻው ጣልቃ ለመግባት ምክንያት አይሆንም። የተፋፋመ ምጥ የሚቆጠረው ከ5 ሴንቲ ሜትር ጀምሮ ነው። ከዚያ ሙሉ በሙሉ እስኪከፈት ለመጀመሪያ ወላድ እስከ 12 ሰዓታት፣ ለደጋገመች እስከ 10 ሰዓታት ሊወስድ ይችላል።

ቁጥሩን በቃል አታስጠኗቸው፤ ታሪክ ስጧቸው። የመጀመሪያ ወላድ ናት። ማታ 2 ሰዓት ስትመጣ 4 ሴንቲ ሜትር ነበረች፤ እኩለ ሌሊት ላይ 5 ሆነች። እሷም ልጁም ደህና ናቸው። ምን ታደርጋላችሁ? ግማሹ ሰው ወዲያው ምጥ የሚያፋጥነውን መድኃኒት፣ ኦክሲቶሲን፣ ይሰቅላል። መልሱ ግን የፅንሱን ልብ ማዳመጥ፣ አጥሚት ማስጠጣትና ወዲያ ወዲህ ማለት ከፈለገች ማንሸራሸር ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልምምድ፣ ወደ ድራማው። እዚህ ላይ ጊዜ አትቆጥቡ። አንድ ሠልጣኝ ምጥ የያዛት እናት ሆኖ ይጫወት። ወንዶቹም ይሁኑ፤ እንዲያውም እነሱን በጣም ይጠቅማቸዋል። ሆድ ላይ የምትታሰረው የማዋለድ መለማመጃ፣ ማማ ናታሊ፣ ካለች ጥሩ፣ ከሌለች ትራስና ነጠላ ይበቃል። በጀርባ አስተኙት፣ እግሩን ስቀሉት፣ አራት ሆናችሁ ከብባችሁ “ግፊ! ግፊ!” በሉት። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ፊቱን ታዩታላችሁ። ከዚያ አስነሱት። በጎን ተኝቶ፣ ተንበርክኮ፣ አልጋውን ተደግፎ ቆሞ ይሞክረው። የቱ እንደተሻለው ራሱ ይናገር። ከዚህ በኋላ ስለ አወላለድ አቀማመጥ ሌክቸር አያስፈልግም።

በዚያው ድራማ ምላስም ይሠልጥን። “ያኔስ መች ጮህሽ?” የምትባለውን ስድብ ሁላችንም ሰምተናታል። በእሷ ፋንታ “አይዞሽ የኔ እናት፣ አሁን ልመረምርሽ ነው፣ ትፈቅጂልኛለሽ?” ማለትን እስኪለምዱት ይደጋግሙት። በኦሮምኛና በሶማልኛም ይበሉት፣ ሐረር ከሆናችሁ በሐረሪም ጨምሩበት። ድሬ ላይ በአማርኛ ብቻ የሚያዋልድ ሰው ብዙ እናት ታመልጠዋለች።

አጃቢን በተመለከተ ነገሩ አጭር ነው፦ ወላዷ የመረጠችው ሰው ይግባ። “ክፍሉ ጠባብ ነው” የሚል መልስ መምጣቱ አይቀርም። መጋረጃ ስቀሉ፣ በርጩማ አስገቡ፣ ለአጃቢዋም ሥራ ስጧት። ወገቧን ትሽላት፣ ላቧን ትጥረግላት። አንዷ “ማርያም ማርያም” ትላለች፣ ሌላዋ ዱዓ ታደርጋለች፤ ማንንም ዝም አታሰኙ።

ከዚያ ወደ እጅ ሥራው። የፅንሱ ልብ በተፋፋመ ምጥ ጊዜ በየ15 እስከ 30 ደቂቃው፣ ስትገፋ ደግሞ በየ5 ደቂቃው ይደመጣል፤ በየጊዜው ቢያንስ ለ1 ደቂቃ። ሆድ ተጭኖ ልጅ ማስወጣት ይቅር። ልጁ እንዲወጣ ተብሎ የሁሉንም ወላድ ብልት አፍ በልማድ መቅደድም ይቅር። ልጁ ሲወጣ ደረቷ ላይ ይሁን፣ ይድረቅ፣ ደህና ሆኖ ካለቀሰ እትብቱ ከ1 ደቂቃ በፊት አይታሰር። ተፈጥሯዊ ነው ብሎ መርፌውን የሚያስቀር ሠልጣኝ ካገኛችሁ ግን እዚያው አርሙት። ደም እንዳይፈሳት ኦክሲቶሲን 10 ዩኒት ልጁ እንደተወለደ ይሰጣል።

መጠበቅን ያስተማረ ሰው መጠበቅ የሚያበቃበትንም ማስተማር አለበት። የፅንሱ ልብ ምት በደቂቃ ከ110 በታች ወይም ከ160 በላይ ሆኖ ከቆየ፣ የእናት ደም ግፊት 140/90 ከደረሰ፣ ደም ከፈሰሳት፣ የሽርት ውኃው ወፍሮ አረንጓዴ ከሆነ መጠበቁ አከተመ። ሪፈሩን በእግር ተለማመዱት። ማን ይደውላል? ድሬ ላይ ወደ ድል ጮራ ሆስፒታል፣ ሐረር ላይ ወደ ሕይወት ፋና ሆስፒታል ማን አብሯት ይሄዳል? ድሬን የሚያቋርጠው የደቻቱ ወንዝ በጎርፍ ሲሞላ አምቡላንሱ በየት በኩል ይሻገራል? ይህችን የመጨረሻዋን ጥያቄ በሐምሌ ሳይሆን በግንቦት ጠይቋት።

ሰርተፊኬት ከተሰጠ በኋላ ሥራው ይቀጥላል። ለጥቂት ወራት ነባር አዋላጅ ከአዲሷ ጋር አብራ ተረኛ ትግባ። መዝገቡ ላይ ሦስት ነገር በእጅ ጨምሩ፦ አጃቢ ነበራት ወይ፣ በምን አቀማመጥ ወለደች፣ ተቀድዳለች ወይ። እናቶቹ በ45ኛው ቀን ልጅ ሊያስከትቡ ሲመጡ ደግሞ ያላዋለደቻቸው ባለሙያ ትጠይቃቸው፤ ያዋለደቻቸውን ፊት ለፊት አያሟትም። የሚሉትን ስም ሳይጠራ በሚቀጥለው የጠዋት ስብሰባ ላይ አንብቡት።