ጣሪያ ላይ ከመውጣታችሁ በፊት፦ ለከፍታ ሥራ ትክክለኛውን መወጣጫ እንዴት እንመርጣለን?

ግንቦት ሲጋመስ አዲስ አበባ ውስጥ ሰው ሁሉ ቀና ብሎ ጣሪያውን ማየት ይጀምራል። አሸንዳው በቅጠል ተደፍኗል፣ አምና ያፈሰሰው ቆርቆሮ ዘንድሮም እንደተበሳ ነው፣ ሮቶውም መታጠብ አለበት። ከዚያ ከጎረቤት መሰላል ይለመናል። ካጠረ ከሥሩ ብሎኬት ይደረግለታል፣ አንዱ ልጅ "ያዝልኝ" ይባልና ሥራው ይጀመራል።

ችግሩ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። መሰላሉ የመጣው ለሥራው ስለሚስማማ ሳይሆን ቅርብ ስለተገኘ ነው። ቅደም ተከተሉ መገልበጥ አለበት፤ መጀመሪያ ሥራው ይታያል፣ ቀጥሎ መሬቱ፣ ከዚያ በኋላ ነው መወጣጫው የሚመረጠው። እኔ እዚህ የምጽፈው በተለይ ለምድር ቤትና ለጂ ፕላስ ዋን ነው። ከዚያ በላይ ያለው በሙያተኛ የሚሠራ ነው፣ ግን ለማሠራትም ቢሆን ምን መጠየቅ እንዳለባችሁ ማወቁ አይከፋም።

መጀመሪያ፦ የግድ መውጣት አለብኝ ወይ?

ይህን ጥያቄ ብዙ ሰው ይዘለዋል። ግድግዳ ለመቀባት ረጅም እጀታ ያለው ሮለር አለ። ዲሹን የግድ ጣሪያ ላይ መትከል የለባችሁም፤ ሰሐኑ ሰማይ የሚያይበት ከሆነ በረንዳ ላይም፣ እጅ የሚደርስበት ግድግዳ ላይም ይሠራል። አዲስ ቤት የምትሠሩ ከሆነ ደግሞ ሮቶውን ከመስቀላችሁ በፊት ማን እንደሚያጥበውና በምን እንደሚወጣ አስቡ። ቋሚ የብረት መሰላል ያኔ ማስበየድ ቀላል ነው።

መስኮትም እንደዚሁ። ቤይሩት፣ ኩዌት፣ ዱባይ ፎቅ ቤት ውስጥ የምትሠሩ እህቶቻችን ይህን በደንብ ታውቁታላችሁ፤ የውጭውን መስታወት ጥረጊ ተብሎ መስኮት ጫፍ ላይ መቆም ሥራ አይደለም። ከውስጥ ሆኖ በረጅም እጀታ መጥረግ ይቻላል፣ ካልተቻለ የሕንፃው ጽዳት ሠራተኞች ይጠሩበት። ሲንጋፖር ከ2012 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የውጭ አገር የቤት ሠራተኛ ከፍ ያለ ፎቅ ላይ መስኮቱን በውጭ በኩል እንድታጸዳ የሚፈቀደው የብረት ፍርግርጉ ተቆልፎና አሠሪዋ ወይም አሠሪዋ የወከለችው አዋቂ ሰው ቆሞ እያያት ብቻ ነው። ሕጉ የመጣው ሠራተኞች ወድቀው ከሞቱ በኋላ ነው።

ሁለተኛ፦ ስንት ሰዓት ይፈጃል? ሁለት እጅ ይፈልጋል?

ለእኔ ምርጫውን የሚወስኑት እነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ናቸው። ቁመቱ ከነሱ በኋላ ይመጣል። እንግሊዞች ለተደጋፊ መሰላል የሚጠቀሙበት ቀላል መለኪያ አላቸው፤ አንድ ቦታ ላይ ከ30 ደቂቃ ላልበለጠ ቀላል ሥራ፣ ከ10 ኪሎ ላልበለጠ ዕቃ። አምፖል መቀየር፣ አሸንዳው ውስጥ የተያዘ ቅጠል ማውጣት፣ አንድ ሚስማር መምታት እዚህ ውስጥ ይገባል። ግድግዳ ሙሉ መቀባት ግን አይገባም። ኮርኒስ መሥራትም አይገባም። ድሪል ይዞ ኮንክሪት መብሳት ደግሞ ሁለቱንም እጅ ይይዛል፣ ወደ ኋላም ይገፋል። መሰላል ላይ ሁለት እግርና አንድ እጅ ሁልጊዜ መያዝ አለባቸው፤ ሥራው ያንን ካልፈቀደ መሰላል አይሆንም፣ የሚቆምበት ሰፊ መድረክ ያስፈልጋል።

ሦስተኛ፦ ታች እና ላይ ተመልከቱ

ታች ስትሉ መሬቱ ጠጣር ነው? ተዳፋት ነው? ትናንት ዘንቦበታል? ታች ትንሽ የሚመስል መስመጥ የመሰላሉ ጫፍ ላይ ሲደርስ ብዙ ነው። በር የሚከፈትበት ቦታም እንዳይሆን፤ ሰው ሳያውቅ ከውስጥ ገፍቶ ይወጣል።

ላይ ስትሉ ደግሞ የኤሌክትሪክ ሽቦ። ሰፈር ውስጥ ምሰሶ ላይ ከሚያልፉት መስመሮች አንዳንዶቹ 15 ሺህ ቮልት የሚሸከሙ ናቸው፣ ይህ እስክትነኩት አይጠብቅም፤ በጣም ከቀረባችሁ በአየር ላይ ዘልሎ ይይዛል። የአልሙኒየም መሰላል ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። የእንጨቱ ይሻላል ብላችሁ እንዳትዘናጉ፣ ሲርስ እሱም ያስተላልፋል። ለኤሌክትሪክ ሥራ የሚመረጠው ፋይበር ግላስ ነው፣ እሱም ቢሆን ንጹሕና ደረቅ ሲሆን። መስመሩ ከጣሪያው ጋር ከተቀራረበ ወደ 905 ደውላችሁ የኤሌክትሪክ አገልግሎት ሰዎች መጥተው እንዲያዩት አድርጉ። ብዙ ሰው የሚዘነጋው መሰላሉን የሚሸከምበትን ሰዓት ነው። ቀጥ አድርጎ ሲያዞረው ነው ጫፉ ሽቦ የሚነካው። አጋድማችሁ ተሸከሙ።

አራተኛ፦ አሁን ምረጡ

በራሱ የሚቆም ባለ ሁለት እግር መሰላል። ለቤት ውስጥ ጥሩ ነው። ሙሉ በሙሉ ይከፈት፣ መቆለፊያው ይግባ። አጥፋችሁ ግድግዳ ላይ አታስደግፉት፣ ለዚያ አልተሠራም። የላይኛዎቹ ሁለት እርከኖች መቆሚያ አይደሉም። ሥራው ከፊታችሁ ይሁን፤ በጎን ሆናችሁ ግድግዳ ስትገፉ መሰላሉ ወደ ሌላው ጎን ይሄዳል።

ተደጋፊ መሰላል። ርዝመቱ ላይ ነው ሰው የሚሳሳተው። የጣሪያው ጠርዝ 3 ሜትር ከሆነ 3 ሜትር መሰላል አይበቃም፤ ወደ ጣሪያ ለመሻገር ከጠርዙ በላይ 1 ሜትር ያህል የሚያዝ ነገር ይፈለጋል፣ ስለዚህ ከ4 ሜትር ትንሽ የሚበልጥ ግዙ። የሚሸከመውን ክብደትም እዩ፤ የአውሮፓው ደረጃ፣ ኢኤን 131 የተጻፈበት ማለት ነው፣ እስከ 150 ኪሎ ይላል። ያ ከነሰውየው፣ ከነቀለም ባልዲው ነው። አንዳንድ የአሜሪካ ተለጣፊዎች ላይ 250 ፓውንድ የሚል ታያላችሁ፣ 113 ኪሎ መሆኑ ነው።

ከባሕር ዛፍ የተሠራውን የሰፈር መሰላል ጨርሶ አልጥለውም፣ ግን ፈትሹት። እርከኑ በሚስማር ብቻ ከተያዘ ሚስማሩ ቀስ እያለ ይላቀቃል፤ እያንዳንዱን በእጅ ይዛችሁ ነቅንቁ። ቀለም የተቀባ የእንጨት መሰላል አትግዙ፣ አታስቀቡም። ቀለሙ ስንጥቁን ይደብቃል።

ባለ ጎማ እስካፎልዲንግ። ቤታችሁን ለማስቀባት ካሰባችሁ የእኔ ምክር ይህ ነው። ኪራዩ ያስወጣል፣ ቀቢው ግን መሰላሉን በየደቂቃው እየወረደ ማንሳቱ ቀርቶለት በሁለት እጁ ይሠራል፣ ሥራውም ያምራል። ጎማው ይቆለፍ። ሰው ላዩ ላይ ሆኖ በፍጹም አይገፋ፤ "ትንሽ ብቻ ጠጋ አድርገኝ" የምትለዋ ቃል ብዙ ጣጣ አምጥታለች። የሚወጣው በውስጥ በኩል እንጂ በውጭ ተንጠልጥሎ አይደለም። ቁመቱን በተመለከተ ከቤት ውጭ ሲሆን ከጠባቡ የመሠረቱ ጎን 3 እጥፍ አይብለጥ፤ ጎኑ 1.20 ከሆነ 3.60 ማለት ነው። ከዚያ በላይ ከተፈለገ ደጋፊ እግር ይጨመርለታል ወይም ከሕንፃው ጋር ይታሰራል። የአምራቹ መመሪያ ካለ እሱ ይቀድማል።

የባሕር ዛፍ እስካፎልዲንግ። አገሩን ሙሉ ያሠራን እሱ ነው፣ ስለዚህ መናቁ ትርጉም የለውም። ነገር ግን ጥሩውና መጥፎው ለዓይን አንድ ዓይነት ነው የሚመስለው። የምታዩት ይህን ነው፦ ቋሚዎቹ መሬት ውስጥ ገብተዋል ወይስ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል? ሰያፍ ማጠናከሪያ አለው? ሰያፍ የሌለው ሁሉ ወደ ጎን ይተኛል። በመስኮት በኩል ከሕንፃው ጋር ታስሯል? የሚቆምበት ጣውላ አንድ ብቻ ከሆነ በቂ አይደለም፣ 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት ይኑረው፣ ጫፉም ተንጠልጥሎ እንዳይቀር ይታሰር። ወገብ አካባቢ፣ 1 ሜትር ያህል ላይ፣ መከለያ አጣና ይምቱበት። ሦስት አራት ሕንፃ የዞረ፣ በሚስማር ቀዳዳ የተወረረ አጣና ለማገዶ እንጂ ለዚህ አይሆንም።

ባለ ሞተር ማንሻ። የመንገድ መብራት ሲጠገን የምታዩት ባለ ቅርጫት መኪና ዓይነቱ ማለት ነው። ለግለሰብ ቤት ብዙ ጊዜ አያስፈልግም። ከተከራያችሁ ኦፕሬተሩን አብራችሁ ተከራዩ፤ በረጅም ክንድ የሚዘረጋው ላይ የሚወጣ ሰው ደግሞ ቅርጫቱ ውስጥ ባለው ማሰሪያ ይታሰር፣ ምክንያቱም ክንዱ ሲዘል ሰውን ወርውሮ ያወጣል።

አምስተኛ፦ መሰላሉን ማቆም

ወደ ላይ 4 ሜትር ከሆነ እግሩ ከግድግዳው 1 ሜትር ይራቅ። ሜትር ከሌላችሁ ጫማችሁን ከመሰላሉ እግር ጋር አስነኩና ቀጥ ብላችሁ ቁሙ፣ እጃችሁን በትከሻ ልክ ዘርጉ። መዳፋችሁ እርከኑን ከነካ ተስተካክሏል። ጫፉን አሸንዳ ላይ አታስደግፉት፣ አሸንዳ ላሜራ ነው፣ ይታጠፋል። ጫፉን በገመድ እሰሩ። እስኪታሰር ድረስ ታች የሚይዝ ትልቅ ሰው ይኑር፣ ልጅ አይደለም። እዚያ ላይ ሆናችሁ እምብርታችሁ ከመሰላሉ ሁለት ቋሚዎች መሐል እንዳይወጣ። አልደርስ ካላችሁ ውረዱና አንሱት። ያሰለቻል፣ አውቃለሁ።

ስድስተኛ፦ ጣሪያው ራሱ ይሸከማችኋል ወይ?

ቆርቆሮ ላይ ስትሄዱ የሚስማሩን መስመር ተከተሉ፣ ከሥሩ እንጨት ያለው እዚያ ነው። ብርሃን እንዲያስገባ በመሐል የሚደረገው ፕላስቲክ ግን ወጥመድ ነው። ፀሐይ ካደረቀው በኋላ የሰው ክብደት አይችልም፣ አቧራ ሲለብስ ደግሞ ከቆርቆሮው አይለይም። ከመውጣታችሁ በፊት ከቤት ውስጥ ሆናችሁ የት የት እንዳለ ቁጠሩ። አሮጌ የአስቤስቶስ ጣሪያም ሰው አይሸከምም፣ ብናኙም ለሳንባ መጥፎ ነው። መውጣት የግድ ከሆነ ከእንጨት እስከ እንጨት የሚደርስ ጣውላ አንጥፉና በእሱ ላይ ሂዱ።

ሰባተኛ፦ ሴፍቲ ቤልት

ወገብ ላይ ብቻ የሚታሰረው ቀበቶ ለውድቀት አይሆንም። አሜሪካ ከ1998 (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ጀምሮ ለዚህ ዓላማ ከልክላዋለች፤ ሲይዛችሁ አከርካሪና ሆድ ነው የሚጎዳው። ትከሻና ጭን የሚይዘውን ሙሉውን ግዙ።

አሁን ደግሞ ሻጩ የማይነግራችሁን ልንገራችሁ። 2 ሜትር ገመድ፣ ሲጎተት ተተርትሮ እስከ 1.75 ሜትር የሚረዝመው የውድቀት ማለዘቢያ፣ የእናንተ ቁመት፣ ትንሽ መጠባበቂያ፣ ይህ ሁሉ ሲደመር ከታሰራችሁበት ነጥብ በታች 6 ሜትር አካባቢ ባዶ ቦታ ይፈልጋል። የምድር ቤት ጣሪያ ያን ያህል የለውም። ገመዱ ሳይጨርስ መሬት ትደርሳላችሁ። ስለዚህ እዚህ የሚያስፈልገው ከመነሻው ጠርዙ ጋር እንዳትደርሱ የሚያደርግ አጭር ገመድ ነው፣ እንደታሰረች ፍየል ማለት ነው። የምትታሰሩበትም ነገር የኮንክሪት ኮለን ዓይነት ጠንካራ ይሁን። የዲሽ ቱቦ፣ የሮቶ ቧንቧ፣ የጣሪያ ማገር አይሆንም።

ሠራተኛ ካመጣችሁ መወጣጫውን ማን እንደሚያመጣ ዋጋ ስትነጋገሩ ጨርሱት። ድርጅት ከሆናችሁ ደግሞ አማራጭ የላችሁም፣ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 መከላከያ መሣሪያ የማቅረቡን ግዴታ በአሠሪው ላይ ጥሎታል።

ሰው ከወደቀ አታንሱት፣ አታስቀምጡት፣ ውኃ አትስጡት። ተሸክሞ ላዳ ውስጥ መክተት አከርካሪው የተጎዳን ሰው ሽባ ሊያደርገው ይችላል። አንገቱን ሳታንቀሳቅሱ ባለበት ያዙት፣ የሚደማውን በጨርቅ ተጫኑ፣ ወደ ቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ወይም አዲስ አበባ ከሆናችሁ ወደ እሳትና አደጋ 939 ደውሉ። አንድ ሰው ደግሞ አምቡላንሱን ለመቀበል ዋናው መንገድ ላይ ይቁም፣ የሰፈራችን ቤት ቁጥር ለማንም አይገኝም።