አስታማሚ ከመቅጠሬ በፊት የማጣራው

እማዬ አልጋ ላይ ከዋለች ሁለት ዓመት አለፋት። እኔ ደብረ ብርሃን ሥራ እውላለሁ። የመጀመሪያዋን አስታማሚ ያመጣልኝ ደላላ ነው። የተያዧን መታወቂያ ኮፒ ተቀብዬ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ወር እንኳ ሳይሞላት አንድ ማታ ስገባ በሩ ገርበብ ብሏል። እማዬ ጨለማ ውስጥ ከንፈሯ ደርቆ ተኝታለች። ልጅቷ የለችም። ተያዡ ጋ ስደውል ስልኩን ያነሳው ራሱ ደላላው ነው።

አሁን ዋናውን መታወቂያ ሳላይ አልቀጥርም። የቀበሌ ወረቀት ከሆነ የማኅተሙ ግማሽ ፎቶው ላይ፣ ግማሹ ወረቀቱ ላይ ያርፋል። ክቡ ካልገጠመ ፎቶው ተነካክቶ ሊሆን ይችላል። የፋይዳ ብሔራዊ መታወቂያ ካላት አሻራ የሰጠችበት ስለሆነ ይሻላል። ኮፒ አድርጌ ዋናውን እዚያው እመልስላታለሁ። የሰው መታወቂያ ይዞ ማስቀረት ነውር ነው።

ተያዥን በስልክ አልቀበልም፣ ቤቱ ድረስ እሄዳለሁ። የአሁኗ ልጅ የመንዝ ናት፤ ተያዧ ጫጫ የሚኖሩ አክስቷ ናቸው። በሚኒባስ ሄድኩ። ቡና አፈሉልኝና አያቷን እስኪያርፉ ድረስ ያስታመመቻቸው እሷ መሆኗን ነገሩኝ።

ከወንጀል ነፃ ማስረጃውን ያወጣችው አዲስ አበባ፣ ከፌዴራል ፖሊስ ነው። አሻራ ለመስጠት ራሷ ሄደች። አዲስ አበባ ከእኛ 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ ትራንስፖርቱንም ክፍያውንም የቻልኩት እኔ ነኝ። ገና ደመወዝ ያልበላች ልጅ ላይ ይህን መጫን አይገባም። ግን ወረቀቱን ይዛችሁ እፎይ አትበሉ። የሚናገረው ፖሊስ መዝገብ ላይ ስላለው ብቻ ነው። ያችን የመጀመሪያዋን እኔም አልከሰስኳትም። ዛሬ ብትጠይቅ፣ በእኔ በኩል መዝገቧ ላይ አንዲት ቃል የለም።

ስለዚህ የቀድሞ አሠሪዋን ፈልጉ። «ጥሩ ናት?» ካላችሁ «ጥሩ ናት» ነው የምትባሉት። እኔ የምጠይቀው «ነገ ብትመጣ መልሰሽ ትቀጥሪያታለሽ?» ብዬ ነው። «ዛሬውኑ ላኪልኝ» ያለችኝን አምናለሁ። ዝም ካለች፣ ከዝምታው በኋላ የሚመጣውን ሁሉ በጥንቃቄ እሰማለሁ።

ከገባች በኋላም ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሳልናገር በምሳ ሰዓት ብቅ እላለሁ። የእማዬን ጀርባ፣ ዳሌና ተረከዝ ገልጬ አያለሁ። አልጋ ላይ የዋለ ሰው በየሁለት ሰዓቱ ካልተገላበጠ መጀመሪያ የሚቀላው እዚያ ነው። ትናንት አየሁት፤ ምንም የለም፣ ቅባት ቅባት ይሸታል።