ማህፀንን በእጅ ስትመረምሩ ተጠንቀቁ

መጀመሪያ ሽንት። ይህን ስንቴ ተናግሬ አሁንም አየዋለሁ። ተማሪው ጓንቱን አጥልቆ ይጀምራል። ሴትየዋ ሽንቷን ሸንታ እንደሆነ አልጠየቃትም። የሞላ ፊኛ ማህፀንን ወደ ኋላ ይገፋል፤ ከላይ ሲነካም ራሱ እጢ ይመስላል። ከዚያ ካርዱ ላይ «ማህፀኑ አድጓል፣ አይንቀሳቀስም» ይጻፋል። ሴትየዋ በከንቱ ተጨንቃ ትሄዳለች። አንድ ጥያቄ ይበቃ ነበር!

«ሽንቴ እምቢ አለኝ» ካለችስ? ይህን ሰምቶ የሚያልፍ ሰው ያናድደኛል። በተለይ ከ12 እስከ 16 ሳምንት ባለች ነፍሰ ጡር ላይ ጆሯችሁን አቁሙ። ወደ ኋላ ያዘነበለ ማህፀን ሲያድግ አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ቀንቶ ወደ ሆድ ይወጣል። አልፎ አልፎ ግን ዳሌ ውስጥ ይቀረቀራል። ያኔ ጣታችሁ የማህፀን በሩን በቦታው አያገኘውም። ወደ ፊት፣ ከፍ ብሎ፣ ከብልት አጥንት ጀርባ ተደብቋል። ከኋላ ደግሞ ድቡልቡል ነገር ዳሌውን ሞልቶታል። አንዲት እናት እንዲህ ሆና ሽንቷ ጠብ ጠብ እያለ መጣች። ቀደም ብሎ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ነው ተብላ መድኃኒት ተሰጥቷት ነበር። ካቴተር (ሽንት የሚያስወጣ ቀጭን ቱቦ) ሲገባላት ከእምብርቷ በታች የነበረው እብጠት ዓይናችን እያየ ሟሸሸ። ማህፀኑን ወደ ቦታው መመለስ የተቻለው ከዚያ በኋላ ነው።

ወደ ኋላ ማዘንበል ብቻውን በሽታ አይደለም። ከ5 ሴቶች በ1ዷ ገደማ ይገኛል። ንቅንቅ የማይል ከሆነ ግን ኢንዶሜትሪዮሲስን (የማህፀን ውስጠኛ ሽፋን የሚመስል ሥጋ ከማህፀን ውጭ የሚያድግበት በሽታ) ወይም ከድሮ ኢንፌክሽን የተረፈ መጣበቅን አስቡ። ይህን ከመወሰናችሁ በፊት ጉልበቷን አጥፋ በአፏ ትተንፍስ። ሆዷን ከወጠረች ምንም አይለይም።

የማህፀን በሩን ግራና ቀኝ ስታነቃንቁ ፊቷን እዩ። ካመማት አቁሙ፤ ለማረጋገጥ ብላችሁ አትድገሙ። የማህፀንና የቱቦ ኢንፌክሽን ወይም ከማህፀን ውጭ እርግዝና ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የእርግዝና ምርመራ ሳይሠራላት እንዳትሄድ።

ከ20 ሳምንት በኋላ በጀርባዋ አንጋላችሁ አታቆዩአት። ማህፀኑ ትልቁን የደም ሥር ተጭኖ ራሷን ሊያዞራት ይችላል፤ ወደ ግራ ጋደም ትበል። እጃችሁ ሥር ሆዷ ከጠነከረ እስኪላላ ጠብቁ።

ደም እየፈሰሳት ከመጣች ደግሞ፣ እንግዴ ልጁ የት እንዳለ በአልትራሳውንድ ሳይታወቅ ጣት ወደ ውስጥ አይገባም። ማንም ቢያጣድፋችሁ አይገባም።