ቀኝ ጠቅታ የሚከለክሉ ድረ ገጾችን አደብ ማስገዣ

ሥራዬ ጽሑፍ ማረም ነው። ስም፣ ዓመተ ምሕረትና ጥቅስ ከድረ ገጽ እየቀዳሁ ሳመሳክር እውላለሁ። ማውሱን በቀኝ ስጫን «መቅዳት ክልክል ነው» የሚል ሳጥን ሲደነቀርብኝ ደሜ ይፈላል። ደግነቱ ክልከላው ግንብ አይደለም። ገጹ ብሮውዘሩን (ድረ ገጽ የሚከፍተውን ፕሮግራም) «ከልክልልኝ» ይለዋል፣ ብሮውዘሩም ይታዘዛል። እንዳይታዘዝ ማድረግ የኮምፒውተሩ ባለቤት መብት ነው።

ለዚህ ፋየርፎክስ የተባለውን ብሮውዘር የሚያህል የለም። ምንም ቅንብር ሳይነኩ የሺፍትን ቁልፍ እንደያዙ በቀኝ ይጫኑ፤ መቅዳትን የያዘው የትእዛዝ ዝርዝር ብዙ ጊዜ ይከፈታል። ለዘለቄታው ከሆነ በኮምፒውተርዎ፣ በፋየርፎክስ የአድራሻ መስመር ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል «አባውት»፣ ሁለት ነጥብ፣ ከዚያም «ኮንፊግ» ብለው ያለ ክፍተት ይጻፉ (about:config)። የሚመጣውን ማስጠንቀቂያ ተቀብለው ይለፉ። በመፈለጊያው ሳጥን «ኮንቴክስትሜኑ» (contextmenu) የሚለውን አንድ ቃል አድርገው ያስገቡና በ«ኢኔብልድ» የሚያበቃውን መስመር ሁለቴ ጠቅ አድርገው ከ«ትሩ» ወደ «ፎልስ» ይለውጡት። የራሳቸው የቀኝ ጠቅታ ዝርዝር ባላቸው ገጾች ላይ ሁለት ዝርዝር ሊደራረብ ይችላል፤ እኔ ግን ችዬዋለሁ።

ከሁሉም የሚያናድደኝ የይለፍ ቃል መለጠፍን የሚከለክል ቅጽ ነው። ለደኅንነት ነው ይላሉ፤ ሰውን ግን ወደ አጭርና ደካማ የይለፍ ቃል ይገፋዋል። የአሜሪካው የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም እንኳ እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው መመሪያ መለጠፍ ቢፈቀድ ይሻላል ብሏል። በዚያው የፋየርፎክስ «ኮንፊግ» ገጽ ላይ «ክሊፕቦርድኢቨንትስ» (clipboardevents) ብለው ፈልገው «ፎልስ» ያድርጉት። ይህኛውን ግን ጉዳይዎን ሲጨርሱ ይመልሱት፤ አለበለዚያ በኢንተርኔት ላይ በሚሠሩ የጽሑፍ ማዘጋጃዎች መቅዳትና መለጠፍ ሊበላሽብዎት ይችላል።

ጽሑፉ በማውስ አልመረጥ ካለ ችግሩ ሌላ ነው፤ ገጹ በአቀማመጥ ትእዛዝ መምረጥን አጥፍቶታል። በዊንዶውስ ኤፍ 9ን ይጫኑ። የንባብ እይታው ጽሑፉን ከገጹ ማስጌጫ ለይቶ ያወጣዋል፣ ያኔ እንደ ልብ ይመረጣል። የሚሠራው ግን ፋየርፎክስ መጣጥፍ መሆኑን በለየው ገጽ ላይ ብቻ ነው።

የጉግል ብሮውዘር የሆነው ክሮም ተመሳሳይ ቅንብር የለውም። ከአድራሻው በስተግራ ያለውን ምልክት ተጭነው ወደ ገጹ ቅንብሮች ይግቡ፣ ጃቫስክሪፕትን (ገጹ ብሮውዘሩን የሚያዝበትን የፕሮግራም ቋንቋ) ይከልክሉና ገጹን እንደገና ይክፈቱ። አንዳንዱ ገጽ ባዶ ሆኖ ይቀራል፤ እንዲህ ካለው ጋር ጊዜ አላጠፋም። «ሁሉን እከፍታለሁ» የሚል ተጨማሪ ፕሮግራም ከመጫንዎ በፊትም የሚጠይቀውን ፈቃድ ያንብቡ። በሚጎበኙት ድረ ገጽ ሁሉ ያለውን መረጃ ላንብብ የሚል ከሆነ የባንክዎንም ገጽ ይጨምራል።

በአንድሮይድ ስልክ ፊደል ማጉላት የሚከለክል ገጽ ካጋጠመዎት በክሮም ቅንብሮች ውስጥ ተደራሽነት የሚለውን ከፍተው ማጉላትን የሚያስገድደውን አማራጭ ያብሩ። ክፍያ ካልተፈጸመ አገልጋዩ (ድረ ገጹ የተቀመጠበት ኮምፒውተር) ጨርሶ የማይልከውን ጽሑፍ ግን ከእነዚህ ዘዴዎች አንዱም አያመጣውም።