ታካሚው ከወንበሩ ሳይነሳ ፎቶውን እዩት

ጅማ ውስጥ የስኳር ሕመም ያለባቸውን ሰዎች የሬቲና፣ ማለትም ብርሃን የሚቀበለውን የዓይን ውስጠኛ ጀርባ፣ ፎቶ አነሳለሁ። ፎቶውን የሚያነበው ሐኪም ሌላ ከተማ ነው ያለው።

አንድ ጊዜ ከአጋሮ ወገን አንዲት እናት መጡ። አንስቼ «ጨርሰናል እማማ» ብዬ ሸኘኋቸው። በሦስተኛው ቀን ሐኪሙ «ደብዝዟል፣ አይነበብም» አለኝ። የሰጡኝ ስልክ የጎረቤት ነበር። ተገኝተው እስኪመለሱ የቡና ለቀማው አለፈ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

በካሜራው ትንሽ ስክሪን ሁሉም ፎቶ ያምራል። ስለዚህ አጉሉት። ትልልቆቹ የደም ስሮች ፎቶው ቢደበዝዝም ይታያሉ፤ በእነሱ አትታለሉ። መሃል ላይ ጠቆር ብላ የምትታየውን ማኩላ ፈልጉ። ወደ እሷ የሚጠጉትን እንደ ፀጉር የቀጠኑ ስሮች በዓይናችሁ መከተል ከቻላችሁ ፎቶው ጥርት ብሏል። ስኳር ሬቲናን መጉዳት ሲጀምር መጀመሪያ የሚታዩት በጣም ትናንሽ ቀይ ነጥቦች ናቸው። በደበዘዘ ፎቶ ላይ ይጠፋሉ። የታመመው ዓይን ጤነኛ ይመስላል ማለት ነው።

በአንዴ 45 ዲግሪ ስፋት በሚያነሳ ካሜራ ለእያንዳንዱ ዓይን ሁለት ፎቶ አነሳለሁ፦ አንዱ ማኩላን፣ ሌላው የዓይን ነርቩን ዲስክ (ነርቩ ከዓይን የሚወጣበትን ነጣ ያለ ክብ ቦታ) መሃል አድርጎ። ማስመሪያዬ ራሱ ዲስኩ ነው። የማኩላው መሃል ከፎቶው መሃል ከአንድ ዲስክ ስፋት በላይ ከራቀ እደግማለሁ። በማኩላው ፎቶ ላይ ዲስኩ በስተቀኝ ከታየ ቀኝ ዓይን ነው። ግራና ቀኝ እንዳይምታታ ይህንንም አያለሁ።

ጥፋቱን ፎቶው ራሱ ይነግራችኋል። በተለያዩ ሰዎች ፎቶ ላይ እዚያው ቦታ የምትመጣ ነጠብጣብ የሌንስ አቧራ ናት። በአየር መንፊያና በሌንስ ወረቀት አጽዱ፤ በጋዋን ጫፍ በፍጹም። ዳር ዳሩ ነጣ ካለ ካሜራውን ትንሽ ወደፊት ወይም ወደኋላ አድርጉ። የሽፋሽፍት ጥላ ካለ ቆቡን በጣት ያዝ አድርጉ። ከማንሳታችሁ በፊት «እማማ፣ አንዴ ጨፍነው ይግለጡ» በሉ፤ እንባው ዓይኑን ያረጥበዋል። አፋን ኦሮሞ ለሚቀላቸው በአፋን ኦሮሞ ንገሯቸው። ያልገባው ሰው ዓይኑን ያንከራትታል።

ፎቶው ከጨለመ ብሌኑ ጠቧል። መጋረጃ ዝጉ፣ መብራት አጥፉ፣ ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ። ካልሆነ ብሌን የሚያሰፋ ትሮፒካማይድ የሚባል ጠብታ አለ። ግን አስቀድማችሁ ስለ ግላኮማ (የዓይን ግፊት ሕመም) ጠይቁ፣ የባለሙያ ፈቃድም ይኑራችሁ። ከጠብታው በኋላ ሃያ ደቂቃ ያህል ይጠበቃል። ዓይን ለሰዓታት ስለሚደበዝዝ ባጃጅ ወይም ሞተር የሚነዳ ሰው ያን ቀን እንዳይነዳ ንገሩት።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ጭጋግ ከሆነ የዓይን ሞራ ሊሆን ይችላል። ደጋግማችሁ ፍላሽ አታብሩበት። «አይነበብም» ብላችሁ ጻፉና በአካል እንዲታዩ ላኩ። ያልተነበበ ዓይን ጤነኛ ተብሎ ከተመዘገበ ሰውየው ተረጋግቶ ቤቱ ይቀመጣል፣ ሕመሙ ግን አይቀመጥም። እኔ በዚህ ጉዳይ ከማንም ጋር አልደራደርም።

በቴሌግራም የምትልኩ ከሆነ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩ። እንደ ፎቶ ሲላክ ይጨመቅና የደከማችሁባቸው ቀጫጭን ስሮች ይጠፋሉ። ፋይሉ ላይ ስም ሳይሆን የካርድ ቁጥር ጻፉ። ስልክ ደግሞ ሁለት ያዙ፦ የራሳቸውንና የልጃቸውን።