የፒያሳን ባለ በረንዳ ቤት ለመሳል

በ2016 ዓ.ም. ከፒያሳ ብዙ አሮጌ ቤቶች ፈርሰዋል። የቀሩትን ስትስሉ አንድ አናጢ ሥዕሉን አይቶ ቤቱን መልሶ መሥራት እስኪችል ድረስ ዘርዝሩ።

በካሬ ሜትር 200 ግራም የሚመዝን ወረቀት ያለው ኤ5 ደብተር (የሳሳው በውሃ ቀለም ይጨማደዳል)፣ ኤችቢና 2ቢ እርሳስ፣ ውሃ የማያስለቅቀው ጥቁር እስክሪብቶና ሜትር ያዙ። ከጠዋቱ 2 እስከ 4 ሰዓት ጥሩ ነው። በመጋቢት 6 ሰዓት ላይ ፀሐይ አናት ላይ ስለምትሆን የክዳኑ ጥላ ቁልቁል ወርዶ ግድግዳውን በሙሉ ይውጠዋል። ወደ ሰሜን የዞረ ፊት ከጥቅምት እስከ ጥር ፀሐይ አያገኝም፤ ለእሱ ግንቦትን ጠብቁ። ዘበኛ ካለ አስቀድማችሁ ጠይቁት፦ «ጋሼ፣ ይቺን በረንዳ ልስላት ነበር፣ ይፈቀዳል?»

በሩን ከደፉ እስከ ጉበኑ በሜትር ለኩ። ከዚያ ራቅ ብላችሁ ክንዳችሁን ዘርጉና በእርሳሱ ላይ የበሩን ቁመት ያዙ፤ ቤቱ ስንት በር እንደሚሆን ቁጠሩ። ክርን ከታጠፈ ልኩ ይበላሻል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቁልቁለቱ ላይ ነው። መንገዱ ስለሚወርድ ቤቱንም አብረው ያዘቀዝቁታል። ወለሉ፣ መስኮቱና የበረንዳው መደገፊያ ግን ውሃ ልክ ናቸው፤ መስመሮቻቸው ሲርቁ የሚገናኙት በዓይናችሁ ከፍታ ነው። ወደ ታች የሚወርደው መንገድ የሚገናኘው ከዚያ በታች ነው። ልዩነቱን የሚሸከመው የድንጋዩ መሠረት ነው፦ ላይኛው ጫፍ አንድ ደረጃ የሚሆነው ታችኛው ጫፍ ላይ የሰው ቁመት ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ የወለሉን መስመር መጀመሪያ፣ መንገዱን በኋላ።

አሁን ወደ በረንዳው ቅረቡ። ከክዳኑ ጠርዝ የተንጠለጠለው የተቀረጸ ጣውላ የቤቱ ጌጥ ነው፤ አንዱን ቅርጽ ብቻ በደንብ አጥኑ፣ ስፋቱንና ቁመቱን በሴንቲሜትር ኅዳጉ ላይ ጻፉ። ከዚያ ሁለት ቀጭን መስመር አስምራችሁ በእኩል ከፋፍሉና ድገሙት። ሁለት ጣውላ የሚጋጠምበት ቦታ ላይ ቅርጹ ብዙ ጊዜ አይገጥምም፤ እንዳለ ተዉት። ውሃ የሚንጠባጠበው በጫፉ ስለሆነ ቀድሞ የሚበሰብሰው ጫፉ ነው፤ የጎደለውንም ጎደሎ አድርጋችሁ ሳሉት። ምሰሶው በድንጋዩ ላይ እንዴት እንደተቀመጠ ለብቻው፣ በትልቁ ሳሉ። ልስኑ በተላጠበት ጭድ ያለው ጭቃና ቋሚው እንጨት ይታያል፤ ይህም መመዝገብ አለበት።

የቆርቆሮውን ሽንሽን ሁሉ አትስሉ፤ ጠርዙ ላይ አጥብቁና ወደ ላይ አሳሱት። ለዝገቱ በርንት ሲዬና (ቀላ ያለ ቡናማ ቀለም) ላይ ጥቂት አልትራማሪን (ደማቅ ሰማያዊ) ይበቃል፣ ሲበዛ ይጠቁራል። የኤሌክትሪክ ሽቦዎቹን ግን አታስቀሩ።

የጊዮርጊስን ቤተ ክርስቲያን ለመሳል ያሰበ፣ ሕንፃው ስምንት ማዕዘን ስለሆነ በአንዱ ገጽ ትይዩ ራቅ ብሎ ይቁም፤ በሥዕሉ ላይ የፊቱ ገጽ ስፋት 10 ከሆነ የግራውና የቀኙ እያንዳንዳቸው 7 ያህል ናቸው።