ራግቢን ሙያው ለማድረግ የሚያልም ወጣት ሊያስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ንጋት 12 ሰዓት ላይ የመስቀል አደባባይን ደረጃ እየሮጠ የሚወጣና የሚወርድ አንድ የካዛንቺስ ልጅ አለ። የማራቶን ሯጭ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ብብቱ ሥር የሸጎጣት ሞላላ ነገር የራግቢ ኳስ ናት፤ ራግቢ ኳሷን በእጅ ይዘው የሚሮጡበት፣ የያዛትንም ጥለው የሚያስቆሙበት ጨዋታ ነው። ናይሮቢ ሳለሁ ጥቂት ዓመታት ለደስታ ያህል እንደተጫወትኩ ሲሰማ፣ “ጋሼ፣ ለአገር የሚሰለፍ ፕሮፌሽናል ለመሆን ምን ይቀረኛል?” አለኝ። የሚቀረውን ትቼ መተው ያለበትን ነገርኩት።

የመጀመሪያው ስህተት ደረጃው ራሱ ነው። እኛ ዘንድ ስፖርት ከተባለ ሩጫ ነው። ራግቢ ግን 80 ደቂቃ ቢፈጅም 80 ደቂቃ አያስሮጥም፤ ጥቂት ሜትር ተወርውሮ መጋጨት፣ መውደቅ፣ ተነሥቶ እንደገና መወርወር ነው። በአንድ ፍጥነት አንድ ሰዓት የሚሮጥ እግር ይህን አይለምድም።

“ሰውነቴ ትንሽ ነው” ማለትም ስህተት ነው። ኒውዚላንዳዊው ጆና ሎሙ እ.ኤ.አ. በ1995 የዓለም ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ እንግሊዝ ላይ አራት ትራይ (ኳሱን ከተጋጣሚ የመጨረሻ መስመር ማዶ መሬት በማስነካት የሚገኝ ነጥብ) ካስቆጠረ ወዲህ ሰው ግዝፈቱን ያወራል፤ ፍጥነቱን ይረሳል። የደቡብ አፍሪካው ቼስሊን ኮልቢ ቁመቱ ከ1.70 ሜትር እምብዛም አያልፍም፤ እ.ኤ.አ. በ2019 ፍጻሜ ግን እሱም አስቆጥሮ ዋንጫ አንሥቷል።

“የፈለግሁትን አገር ብሔራዊ ቡድን ማሊያ እለብሳለሁ” የሚለውን ባጭሩ ቀጨሁት። ወይ እዚያ መወለድ፣ ወይ ወላጅ ወይም አያት እዚያ መወለድ፣ አለዚያ እዚያ ለዓመታት መኖር ወይም ተመዝግቦ መጫወት ያስፈልጋል። ደመወዙንም ከማሊያው የሚጠብቅ ይሳሳታል፤ በእንግሊዝና በፈረንሳይ ዋናው እንጀራ ከክለብ ውል ነው የሚገኘው። ስለዚህ ከመፈረም በፊት ተጫዋቹ ሲጎዳ ማን እንደሚያሳክመው የሚናገረውን አንቀጽ ማንበብ ይገባል።

ያስደነገጠኝ ሌላ ነው። “ባለፈው ሳምንት ከጓደኛዬ ጋር ተጋጭተን ዐይኔ ጨለመብኝ፤ ቢሆንም ሳልወጣ ጨረስኩ” አለኝ፣ እንደ ጀብዱ። እ.ኤ.አ. በ2003 ከእንግሊዝ ጋር የዓለም ዋንጫ ያነሣው ስቲቭ ቶምፕሰን ገና በአርባዎቹ ዕድሜ የመርሳት በሽታ እንደያዘው ታወቀ፤ ያንን ዋንጫ ሲያነሣ እንደማያስታውሰው በራሱ አንደበት ተናግሯል። ዛሬ አንጎሉ ተናውጧል ተብሎ የተጠረጠረ ተጫዋች “ደህና ነኝ” ቢልም ከሜዳ ይወጣል። እዚህ አደባባይ ላይ የሚያስወጣው ዳኛም ሐኪምም የለም፤ ራሱን ማስወጣት ያለበት ራሱ ነው።

“እስቲ ኳስ ይዞ የሚሮጥን ሰው እንዴት እንደምትጥል አሳየኝ” አልኩት። ሲመጣብኝ ራሱን ከጭኔ ፊት ለፊት ደቀነው፤ ጉልበቴ በቀጥታ ጆሮ ግንዱን የሚያገኝበት ቦታ ላይ። አስፋልት ላይ የምንማረው ነገር ስላልሆነ ሣር ፍለጋ ጃንሜዳ ሄድን። ራስ ከሯጩ ኋላ፣ ጉንጭ ከመቀመጫው ጎን፣ ትከሻ ጭኑ ላይ፣ ክንድ ዙሪያውን ጥብቅ። ሁለት ጊዜ ተሳሳተ፤ በሦስተኛው ልክ መጣ። ሯጩ እኔ ስለነበርኩ ወገቤን እስከ ዛሬ ያመኛል።